ከቃሊቲ ጠዋት ስንት ባቡር ይወጣል?

የድሮው የፈረንሳይ ባቡር አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት መጨረሻው አቃቂ ነበር። ሐዲዱ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ሲሆን ለዋና ከተማው የቀረው 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር። ያችን ቀሪ መንገድ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ልክ በመቶ ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሌላ ባቡር ከተቃራኒው አቅጣጫ መጣ። ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ፣ መሿለኪያን፣ ላንቻን፣ ሳሪስን አልፎ ቃሊቲ ላይ ቆመ። አቃቂ አልደረሰም። የድሮው ባቡር በደጃፉ ያልፍ የነበረ የአቃቂ ሰው አዲሱን ለመሳፈር መጀመሪያ ሚኒባስ ተጋፍቶ ቃሊቲ መድረስ አለበት።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ሐዲዱ አይደለም። ሐዲዱን፣ መንገዱንና አውቶቡሱን ለሚያስተዳድሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስለሚሰጠው ግብ ነው። «የዕቅዱን 97 በመቶ አሳካ» የሚለውን ዜና ሰምቶ የማያውቅ የዚህ ቻናል ተከታይ ያለ አይመስለኝም። የምን 97 በመቶ? ይህችን ትንሽ ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ብንሄድ ብዙ ነገር ይገለጥልናል። መሥሪያ ቤት እንደ ሰው ነው፤ የሚቆጠርበትን ያውቃል፣ የሚቆጠርበትን ይሠራል፣ የማይቆጠርበትን ለነገ ያሳድራል። ይህን ለማየት ደግሞ ከአቃቂ ቃሊቲ የተሻለ ክፍለ ከተማ የለም። የቀላል ባቡሩ ደቡባዊ ዴፖ ያለው እዚህ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር የእንዶዴ ጣቢያም ሩቅ አይደለም። ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ የሚመጣው ከባድ መኪና፣ ለፋብሪካ ፈረቃ የሚጣደፈው ሠራተኛ፣ ከገላንና ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወደ መሀል ከተማ የሚወጣው ተማሪ፣ ሁሉም በአንድ ጉሮሮ ነው የሚያልፉት።

ከመጀመሪያው እንነሳ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን የ99 ዓመት ኮንሴሲዮን ሲሰጡ ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ አገሪቱን ከባሕር ማገናኘት። ኩባንያው ግን ገንዘብ አጠረው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1902 የፈረንሳይ መንግሥት ደረሰለትና በዓመት 500 ሺህ ፍራንክ ለ50 ዓመት ሊደጉመው ተዋዋለ። ድጎማው በነጻ አልመጣም፤ ፓሪስ በኩባንያው ላይ የቁጥጥር እጅ አገኘች። ምኒልክ በዚህ ክፉኛ ተቆጥተዋል፤ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ ሳይጠየቁ የሌላ መንግሥት መሣሪያ ሆኖ አገኙት። በትራንስፖርት ታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። መለኪያውን የሚያወጣው ገንዘቡን የሚከፍለው ነው። ለፓሪስ መለኪያው መስመሩ በፈረንሳይ እጅ መቆየቱና ንግዱ በጅቡቲ ማለፉ ነበር። አንድ የአቃቂ ነጋዴ ዕቃውን ስንት ቀን እንደጠበቀ የፓሪስ ራስ ምታት ሊሆን አይችልም ነበር።

አሁን ሠላሳ ምናምን ዓመት እንዝለልና ወደ መንገድ እንምጣ። ይህኛው ምዕራፍ በቅጡ ሊነገር የሚገባው ነው፤ ሲነገር ግን ብዙ አልሰማሁም።

ጣሊያን በአምስት ዓመት ቆይታው ለጦሩ ሲል በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር መንገድ ሠርቶ ወጣ። ከነጻነት በኋላ ያ መንገድ ጠጋኝ አጣ። ድልድዩ ተሰበረ፣ አስፋልቱ ተቦረቦረ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጭነት መንገድ ላይ ቀረ። በመስከረም 1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር ካበደረው የመጀመሪያው ገንዘብ ይገኝበታል። የብድሩ ዓላማ ላይ ልብ በሉ። ያለውን መንገድ መልሶ ማቋቋምና መጠገን ነበር፤ አዲስ መንገድ መዘርጋት የኋላ ጉዳይ ነው። በዚያው ዓመት፣ በ1943፣ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከሚኒስቴር ቢሮ ወጣ ያለ፣ የራሱ አስተዳደር ያለው መሥሪያ ቤት ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩትም ከአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ የመጡ መሐንዲሶች ናቸው።

«አውራ ጎዳና» የሚለው ስም እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ከተሞች የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። ለምን? መሥሪያ ቤቱ በየመንገዱ ካምፕ ነበረዋ። ግሬደሩ፣ ገልባጩ፣ ጋራዡ፣ የሠራተኛው ቤት፣ ሁሉም እዚያው ነው። ካምፑ የተተከለበት ዓላማ አንድ ነበር። መንገዱ ክረምት ከበጋ ክፍት ይሁን። እንዲህ ያለ ግብ ለመለካት ሪፖርት አያስፈልገውም፤ መኪና ያልፋል ወይስ አያልፍም? ከተበላሸ ደግሞ የየትኛው ካምፕ ክፍል እንደሆነ ይታወቃል።

ይህን ስል ዘመኑን ለማሽሞንሞን አይደለም። ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ከአዲስ አበባ ወደ ወደቦችና ወደ ቡና አገር የሚወስዱ ነበሩ፤ ከመንገዱ የሁለት ቀን የእግር ጉዞ ርቆ የሚኖረው ገበሬ በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልነበረም። መለኪያውም አሁንም ከገንዘቡ ጋር ከዋሽንግተን የመጣ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር የያዘ ነበር። አንደኛ፣ ያለውን ማቆየት ከአዲሱ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ ውሉ ሁለት ወገን ያስር ነበር። መሥሪያ ቤቱ መንገዱን ክፍት ያደርጋል፤ መንግሥት ደግሞ ለመሥሪያ ቤቱ በጀትና ሥልጣን ይሰጣል፣ አያንቀውም። ይህቺን ሁለተኛዋን ያዙልኝ፤ ኋላ ቃሊቲ ላይ እንፈልጋታለን።

ደርግ ላይ ብዙ አልቆይም። የጭነት መኪና በመንግሥት ስምሪትና ታሪፍ ሥር ገባ፤ ዕቅድ ከላይ ወረደ፤ የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ከ1977 ጀምሮ ወጣ። የዕቅድ ትምህርቱ የመጣው ከሶቪየት ኅብረት ነው፣ እዚያ ደግሞ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የሚመዘነው በቶን ኪሎ ሜትር ነበር። የጭነቱ ክብደት በተጓዘው ርቀት ይባዛል። ውጤቱ በኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ይነገራል። አጭሩን መንገድ የመረጠ ሰው ዕቅዱን አያሟላም፤ ስለዚህ ጭነት ሳያስፈልግ አገር አቋርጦ ይሄዳል፣ ተመሳሳይ ዕቃ የጫኑ ሁለት ባቡሮች መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም። ቁጥሩ የጠየቀውን ሰጡት፣ አለቀ።

ከ1983 ለውጥ በኋላ የመጣው የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ግን ሊመሰገን ይገባዋል። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር አገሪቱ 26,550 ኪሎ ሜትር መንገድ ነበራት፤ ከዚያ ውስጥ በጥሩ ይዞታ ላይ የነበረው 22 በመቶው ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁጥር በወረቀት ላይ መስፈሩ ራሱ ቁም ነገር ነው። መሥሪያ ቤቱ ስንት ኪሎ ሜትር ሠራህ ብቻ ሳይሆን ካለህ ውስጥ ስንቱ ይነዳበታል ተብሎም ይጠየቅ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት፣ በ1989 ዓ.ም.፣ የመንገድ ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ከእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ ሳንቲም እየተቀነሰ ለጥገና ይቀመጣል። ጥያቄና ገንዘብ አንድ ላይ ሲመጡ እንዲህ ነው፤ በጥሩ ይዞታ ላይ ያለው መንገድ ድርሻ በ2007 ዓ.ም. ወደ 70 በመቶ ገደማ ደርሷል።

ከዚያ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽኑ ዘመን መጣና ቁጥሩ ክንፍ አወጣ። ከ2003 እስከ 2007 ባለው ዕቅድ የመንገዱ ርዝመት ከ49 ሺህ ወደ 136 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲያድግ ተወሰነ። ከዚህ ውስጥ ከ71 ሺህ በላይ የሚሆነው ወረዳዎች ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኙበት መንገድ ነው። 2,395 ኪሎ ሜትር አገር አቀፍ ሐዲድም ታቀደ። በየመሥሪያ ቤቱ ደግሞ ቢፒአር ያለፈበትን ቢኤስሲ ወረሰው፤ የለውጥ ሠራዊት፣ 1 ለ 5፣ የሳምንት ግምገማ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሰንጠረዥ ጋጋታ። (ያንን ቅጽ ሞልቶ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ዕድለኛ ነው።)

የመንገዱ ርዝመት በ2007 ማብቂያ ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር አለፈ። እንደ ቁጥር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልቀልድበት አልፈልግም፤ በቃሬዛ ስትወሰድ የነበረች ወላድ አምቡላንስ ያገኘችው በእነዚህ መንገዶች ነው። ግን ወረዳው የተጠየቀው «ስንት ኪሎ ሜትር ጠረግህ» ነበር። «ከሁለት ክረምት በኋላ ስንቱ ይነዳበታል» ያለው ሰው አልነበረም፣ ቢኖርም ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ጠጠር ያልጠገበ፣ የውሃ መውረጃ ቱቦ ያልገባለት መንገድ በሪፖርት ላይ ከጥሩው እኩል አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሐዲዱን በተመለከተ፣ የዕቅዱ ዘመን ሲያልቅ ሥራ የጀመረ አገር አቀፍ መስመር አልነበረም፤ የጅቡቲው የተመረቀው በመስከረም 2009 ሲሆን መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ነው።

ወደ ቃሊቲ እንመለስ።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ሁለት መስመር፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ያለው መስመር ብቻውን 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስከረም 9 ቀን 2008 የተከፈተው የእኛው የቃሊቲው መስመር ነው፤ የአያት–ጦር ኃይሎቹ ከሳምንታት በኋላ ተከተለ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የዚህ ዓይነት የከተማ ባቡር ያለው አገር እምብዛም ስላልነበረ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ካሜራውን ይዞ መጥቶ ነበር።

የግንባታው ግብ ምን ነበር? በሦስት ዓመት ጨርስ። ያን ጊዜ ዜና የተከታተለ ሰው ያስታውሳል፤ «ግንባታው 60 በመቶ ደረሰ»፣ «80 በመቶ ደረሰ»። ሥራው በ2004 ተጀምሮ በ2007 የሙከራ ጉዞ ተደረገ። በመንግሥት ፕሮጀክት ታሪክ ውስጥ በጊዜው መድረስ ብርቅ ነውና ገንቢውን የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ማመስገን ተገቢ ነው። የተጠየቀውን ሠራ።

ስለ አገልግሎቱ ደግሞ አንድ ትልቅ ቁጥር ተነገረ። ሁለቱ መስመሮች በአራቱም አቅጣጫ በሰዓት 60 ሺህ ሰው የማጓጓዝ አቅም ይኖራቸዋል። እስቲ አብረን እናስላው። 60 ሺህ ለአራት አቅጣጫ ሲካፈል ለአንዱ 15 ሺህ ይደርሰዋል። አንድ ባቡር እስኪጨናነቅ ቢሞላ 300 ሰው ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 50 ባቡር ያስፈልጋል፤ በየ72 ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ባቡሩ ግን ለሁለቱም መስመር በጠቅላላ 41 ነው። ሃያው ለቃሊቲ መስመር ይሰጥ፤ አንድም አይበላሽ፤ አንድ ባቡር ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ደርሶ ለመመለስ ሰዓት ተኩል ብቻ ይፍጅበት እንበል። በየአራት ደቂቃ ተኩሉ አንድ ባቡር ይደርሳል፣ በሰዓት አሥራ ሦስት ያህል። በአሥራ ሦስት ባቡር የሚሄደው 4 ሺህ ሰው ገደማ ነው። የተነገረው ቁጥር የሩቅ ዘመን አቅም ነው፤ ብዙ ተጨማሪ ባቡር የሚጠይቅ የሐዲድ አቅም። ሪባን ሲቆረጥ ግን እንደ ዛሬ አገልግሎት ነው የተሰማው። ሊደረስበት የማይችል ቁጥር ደግሞ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም፤ ሁሉም ከጅምሩ እንደማይደረስ ያውቀዋልና።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በቀን ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ያጓጉዝ ነበር። ለቃሊቲና ለሳሪስ ሰው ይህ ቀላል እፎይታ አልነበረም። ዋጋው ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ብር። ሥራውን ለሦስት ዓመት ተኩል ያህል እያሠለጠነ የመራው የሼንዘን ሜትሮ ከቻይናው ገንቢ ጋር ነበር። ከዚያ ውሉ አለቀ፣ አገልግሎቱም ኋላ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ዞረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጣቢያ ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። ጥበቃው ረዘመ። ባቡሩ ሲመጣ በሩ አይዘጋም፣ እግር ማስቀመጫ የለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በተደጋጋሚ እንደተዘገበው ከ41ዱ ባቡሮች በመደበኛነት የሚሠሩት ከአሥር በታች እስከ መሆን ደርሰዋል። ቀሪዎቹ የት አሉ? ቃሊቲና አያት ዴፖ ውስጥ ቆመዋል። ምክንያት ተብሎ የሚሰጠው ሁሌ አንድ ነው፤ መለዋወጫ የለም፣ ለመለዋወጫ የውጭ ምንዛሪ የለም። ምክንያቱ እውነት ነው። ግን አስቡት፤ ብድሩ ሲፈረም፣ ባቡሩ ሲታዘዝ፣ ትኬቱ ሁለት ብር ሲባል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ጎማ እንደሚበላ፣ ያ ጎማ በዶላር እንደሚገዛ፣ ዶላሩም ከሁለት ብር ትኬት እንደማይወጣ የማያውቅ መሐንዲስ አልነበረም። ጥገናው የማንም ግብ ስላልነበረ የማንም በጀት አልሆነም። ለግንባታው «ስንት በመቶ ደረሰ» ተብሎ በየሳምንቱ የተጠየቀ ፕሮጀክት፣ ከተመረቀ በኋላ «ዛሬ ጠዋት ስንት ባቡር ወጣ» ብሎ የሚጠይቀው አጣ።

እዚህ ላይ ከ1943ቱ አውራ ጎዳና ጋር አነጻጽሩት። ያኛው ብድር ማቆየትን ያስቀደመ ነበር። የዛሬው ብድር ግንባታን ገዛ፤ ማቆየቱን ለዕድል ተወው።

ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ፣ ከቃሊቲ ዴፖ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ወጣ ብላችሁ ቱሉ ዲምቱን ተመልከቱ። የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ የተከፈተው በመስከረም 2007 ነው፤ ከቀላል ባቡሩ በአንድ ዓመት ይቀድማል። ይህም በቻይና ብድርና በቻይና ተቋራጭ የተሠራ ነው። እሱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። መንገድ ከባቡር ይቀላል፣ እስማማለሁ፤ አስፋልት እንደ ባቡር በየወሩ መለዋወጫ አይጠይቅም። ሌላም ልዩነት ግን አለ። የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ በየቀኑ የሚቆጠር ነገር አለው፤ ስንት መኪና ገባ፣ ስንት ብር ተሰበሰበ። መንገዱ ከተበላሸ መኪናው ወደ አሮጌው መንገድ ይዞራል፣ ገቢው ይወርዳል፣ ወዲያው ይታወቃል። የጥገናው ገንዘብም ከዚያው ይወጣል። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት ብድር ሁለት ነገር ተሠራ። አንዱ በየቀኑ ይቆጠራል፣ አንዱ በየምረቃው።

አውቶቡስም ከዚህ አልራቀም። አንበሳ በ1935 ዓ.ም. ከጣሊያን በተረፉ ጥቂት ካሚዮኖች ሲጀምር ጥያቄው «ነገ ይነሳ ይሆን?» ነበር። ዛሬ ግን የአውቶቡስ ዜና ማለት የግዢ ዜና ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ አምስት መቶ አዳዲስ ቢሾፍቱ አውቶቡሶች ለከተማዋ እንዲገጣጠሙ ታዘው ነበር፤ ምረቃው በቴሌቪዥን ታየ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው ተሰማ፤ ለዚህኛው ልዩ መሰናዶ ያለው ዜና አልነበረም። ከዚያ ሌላ ግዢ መጣ። በቅርቡ ደግሞ የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ገብተዋል፤ ደስ ይላል፣ ጭስ የለም። ባትሪያቸው ሲደክም የሚቀየርበት ገንዘብ ከአሁኑ ተቀምጧል ወይ?

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት ይሠራል ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ፍጹም የሠራው የለም። በእንግሊዝ ባቡር ከአምስት ደቂቃ በላይ ካልዘገየ በሰዓቱ ደረሰ ተብሎ ይቆጠር ነበር። ታዲያ የዘገየ ባቡር ቁጥሩን ለማዳን ሲል መካከል ያሉ ጣቢያዎችን እየዘለለ ሲያልፍ ተሳፋሪው በእጁ እያወዛወዘ ይቀራል። ቁጥሩ አማረ፣ ሰውየው ቀረ። የለንደን አውቶቡስ ግን አንድ ብልሃት አለው። መስመሩን የሚሠራው ኩባንያ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ «ትርፍ የጥበቃ ጊዜ» ነው። መርሐ ግብሩ እንደተጻፈው ቢከበር ተሳፋሪው በአማካይ ስንት ደቂቃ ይጠብቅ ነበር? በተግባር ስንት ጠበቀ? ልዩነቱ ከተወሰነው ካለፈ ኩባንያው ይቀጣል፣ ካነሰ ጉርሻ ያገኛል። ሦስት አውቶቡስ አንድ ላይ ተንጋግቶ መጥቶ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቢጠፋ፣ የጉዞው ቁጥር ሙሉ ቢሆንም ኩባንያው ይቀጣል። ሰውየው ቆሞ ነበራ!

ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ቅንጦት የሆነው የትኛው ነው? ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ቃሊቲ ጣቢያ ላይ አንድ ሰው ሰዓትና ደብተር ይዞ ቢቆም ይህን ይለካል። የታክሲ ተራ አስከባሪ ያለ ቢኤስሲ በቃሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የትኛው ሰልፍ በየትኛው ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግራችኋል። የሚያስቸግረው ለመለካት የሚፈልግ ሰው ማግኘቱ ነው። (ዕቅዱን ከሚያጸድቁት ውስጥ ስንቱ በፐብሊክ ሰርቪስ ወይም በቢሮ መኪና እንደሚሄድ ማሰቡ አይከፋም።)

የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ወገን ሆኜ ደግሞ ልናገር፤ ፍትሕ ነውና። ኃላፊው እንዲህ ሊል ይችላል። «ትኬቱን የሚተምነው ሌላ ነው። ዶላሩን የሚሰጠኝ ወይም የሚከለክለኝ ሌላ ነው። ሐዲዱን ያስጀመረው ሌላ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ። እኔ በምን ልጠየቅ?» እውነቱን ነው። ሥልጣን ሳይሰጡ ግብ መስጠት ሰውን አስሮ ሩጥ ማለት ነው፤ እንዲያ ያለ ኃላፊ ደግሞ በሚችለው ይሮጣል፣ ሪፖርት በመጻፍ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ሁለተኛዋ ነገር የምትመጣው እዚህ ነው። የአውራ ጎዳናው ውል መንግሥትንም ያስር ነበር። ለቀላል ባቡሩም የሚሆነው እንዲህ ያለ ውል ነው። ከተማው ትኬቱን ዝቅ አድርጎ ማቆየት ከፈለገ፣ ለድሃ ተሳፋሪ ሲባል መፈለጉ ትክክል ነው፣ ልዩነቱን በዓመቱ መጀመሪያ ቆጥሮ ያስቀምጥ። ብሔራዊ ባንክ ለመለዋወጫው የሚሆነውን ምንዛሪ አስቀድሞ ይለይ። ይህ ከተደረገ በኋላ ኃላፊው የሚጠየቅበት ቁጥር አንድ ይሁን፤ በየጠዋቱ ከዴፖ የሚወጣው ባቡር ብዛት። መንግሥት ድርሻውን ካልሰጠ ደግሞ በዚያው ሪፖርት ላይ፣ በዚያው ገጽ፣ የመንግሥት ጉድለት ተብሎ ይጻፍ። እስከ ዛሬ ባየናቸው የአፈጻጸም ሪፖርቶች ውስጥ የበላይ አካል ራሱን የገመገመበት ዓምድ አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ።

አንድ የምፈራው ነገርም አለ። ከዴፖ የሚወጣው ባቡር ብቻ ከተቆጠረ ያልተጠገነ ባቡር ለቁጥር ሲባል ሊወጣ ይችላል፤ ፍሬኑ ያልታየ ባቡር ከቆመ ባቡር የከፋ ነው። ስለዚህ ከመንገድ ላይ ብልሽት ጋር አብሮ መታየት አለበት። ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ሌላውን ይጠብቃሉ። ከሁለቱ ያለፈ ዝርዝር ግን አልጨምርም፤ ሠላሳ መለኪያ ያለው መሥሪያ ቤት ከሠላሳው ውስጥ የሚመቸውን መርጦ ያሳያችኋል።

በሚቀጥለው በጀት ዓመት ለከተማው የትራንስፖርት ዘርፍ አዲስ ዕቅድ ይጸድቃል፤ ግዢም ይኖረዋል። የምክር ቤት አባላት ከዚህ ቻናል ተከታዮች መካከል እንዳሉ አውቃለሁ። ዕቅዱ ሲቀርብላችሁ ስንት አውቶቡስ ይገዛል ከሚለው ገጽ በፊት አምና፣ ካቻምናና ከዚያ በፊት ከተገዙት ውስጥ ስንቱ ዛሬ ጠዋት ተነስቷል የሚለውን ገጽ ጠይቁ። የቃሊቲውን ደግሞ መጠየቅም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጣቢያው ሄዳችሁ የሰልፉን ጭራ ፈልጉ።